የፌል ሩጫ በዌልስ ተራሮች፦ መልክዐ ምድሩ፣ ውድድሮቹና መንገድ የማግኘት ጥበቡ

የፌል ሩጫ በብሪታንያ፣ በተለይም በሰሜን እንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ፣ ከተሠራ መንገድ ውጭ በተራራ ላይ የሚካሄድ የሩጫ ውድድር ነው። «ፌል» የሚለው ቃል ጥንት ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ተራራን ይጠሩበት ከነበረው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዌልሾች ግን ተራራን በራሳቸው ቋንቋ «መኒዝ»፣ ውድድርን ደግሞ «ራስ» ይሉታል። ከዚህ በታች በውድድሮች ስም ላይ ደጋግሞ የሚመጣው «ራስ» እንግዲህ እኛ ከምናውቀው ራስ ጋር በድምፅ እንጂ በትርጉም አይገናኝም፤ ሩጫ ማለት ብቻ ነው።

ይህን ሩጫ ከጎዳና ሩጫም ሆነ ምልክት ከተተከለለት የጫካ ሩጫ የሚለየው ዋናው ነገር፣ በከባዶቹ ውድድሮች ላይ ሯጩ የሚከተለው ጥብጣብ፣ ቀስት ወይም መንገድ አመልካች ሰው አለመኖሩ ነው። ለሯጩ የሚነገረው መነሻው፣ መድረሻውና በመካከል ሊረግጣቸው የሚገቡት የፍተሻ ጣቢያዎች ብቻ ናቸው፤ ጣቢያዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የተራራ ጫፎች ናቸው። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ሯጩ ራሱ ስለሆነ፣ እግሩ ፈጣን የሆነው ሁልጊዜ ቀድሞ አይገባም፤ ጉም በወረደበት ቀን ካርታውን በትክክል ያነበበ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው ወጣቱን ሯጭ ጥሎት መሄዱ በዚህ ስፖርት እንግዳ ነገር አይደለም።

በጉዳዩ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማጣቀሻ እምብዛም ስለሌለ፣ ይህ ዳሰሳ ከዌልስ ክፍሎች ሩጫው ይበልጥ ሥር በሰደደበት በሰሜን ዌልስ ላይ ያተኩራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ተራሮቹ

የዌልስ ከፍተኛ ተራሮች በሰሜን ምዕራብ፣ ከ1951 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው አካባቢ ተሰብስበው ይገኛሉ። አካባቢው በእንግሊዝኛ ስኖውዶንያ ሲባል የኖረ ሲሆን፣ የፓርኩ አስተዳደር ከ2022 ወዲህ «ኤረሪ» የሚለውን የዌልስኛ ስሙን ይጠቀማል። ከሁሉም የሚበልጠው ኧር ዊዝቫ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ስኖውደን፣ 1085 ሜትር ከፍታ አለው። ካርኔዝ ሌዌሊን 1064 ሜትር፣ ካርኔዝ ዳቪዝ 1044 ሜትር ሲሆኑ፣ በስተደቡብ የሚገኘው ካደር ኢድሪስ 893 ሜትር ነው።

አዲስ አበባ ራሷ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ እነዚህ ቁጥሮች በደጋ ለኖረ አንባቢ ትንሽ ሊመስሉት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ተራሮች ክብደት ከከፍታቸው የሚመጣ አይደለም። አብዛኞቹ ውድድሮች የሚነሱት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ ሸለቆ፣ አንዳንዶቹም ከባሕሩ ዳር ሲሆን፣ ሯጩ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ወደ ሸለቆ ወርዶ ደጋግሞ ይወጣል። ቦታው በሰሜን 53 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ በመሆኑና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ከፍታ እነዚህን ተራሮች በመሆኑ፣ ዝናቡና ነፋሱ እጅግ ብዙ ነው፤ ክሪብ ጎኽ በተባለው ስለታም ሸንተረር አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ4000 ሚሊ ሜትር በላይ በመሆኑ ከብሪታንያ እጅግ ዝናባማ ቦታዎች አንዱ ነው። በሐምሌ ወር እንኳ ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ እያለ ጫፉ ላይ እጅ የሚያደነዝዝ ብርድና ከሃያ ሜትር በላይ የማያሳይ ጉም ሊኖር ይችላል።

መሬቱም ከተራራ ተራራ ይለያያል። ካርኔዛይ የሚባሉት የሰሜኑ ተራሮች ሰፊና ክብ ጀርባ ያላቸው፣ ሣር የለበሱና ለእግር የሚመቹ ናቸው፤ ችግራቸው በጉም ጊዜ ሁሉም ጎን አንድ ዓይነት መምሰሉ ነው። ከእነሱ ማዶ ያሉት ግሊደራይ ግን ጫፋቸው ጠቅላላ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ላይ ደግሞ የእግር ዱካ ስለማይቀር መንገዱ ድንገት ይጠፋል። ሪኖጊዝ የሚባሉት ከባሕሩ አጠገብ የሚገኙት ተራሮች ከሁሉም ያነሱ ቢሆኑም፣ ሪኖግ ቫውር 720 ሜትር ብቻ ነውና፣ ሯጮች ከሁሉም አብልጠው የሚፈሯቸው እነሱን ነው። በትላልቅ ቋጥኞች መካከል እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከእኛ አስታ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ቁጥቋጦ ሞልቶባቸዋል፤ ቁጥቋጦው በቋጥኞቹ መካከል ያለውን ጉድጓድ ስለሚሸፍነው እግር የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። በዚያ መሬት ላይ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር መጓዝ ለብርቱ ሯጭም ቢሆን የሚያሳፍር ፍጥነት አይደለም።

የቦታ ስሞቹ ቋንቋውን ትንሽ ለሚያውቅ ሰው ራሳቸው ካርታ ናቸው። «ፔን» እንደ እኛ አባባል የተራራ ራስ ነው፤ «ቡልኽ» በሁለት ተራሮች መካከል ያለ በር፣ «ኩም» በገደል የተከበበ ጎድጓዳ ሸለቆ፣ «ሊን» ሐይቅ፣ «ሞይል» ራሰ በራ ተራራ፣ «ክሪብ» ስለታም ሸንተረር፣ «ካርኔዝ» የድንጋይ ክምር ማለት ነው። ካርታው ላይ «ክሪብ» የሚል ስም ያየ ሯጭ እጁንም ተጠቅሞ እንደሚያልፍ፣ «ሞይል» የሚል ያየ ደግሞ ሊሮጥበት እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል።

የውድድር ደረጃዎች

የስፖርቱን ደንብ በዋናነት ያወጣው በ1970 የተመሠረተው የፌል ሯጮች ማኅበር ሲሆን፣ ዌልስም የራሷ የፌል ሯጮች ማኅበር አላት። ውድድሮች በሁለት ነገሮች ይመደባሉ። የመጀመሪያው የአቀበቱ ብዛት ነው፤ በምድብ «ኤ» ውድድር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ ቢያንስ 50 ሜትር መወጣት ያለበት ሲሆን፣ ከርቀቱ ከ20 በመቶ በላይ የተሠራ መንገድ ሊሆን አይችልም። በምድብ «ቢ» አቀበቱ 25 ሜትር፣ በምድብ «ሲ» ደግሞ 20 ሜትር ነው። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ረጅም፣ ከ10 እስከ 20 ያለው መካከለኛ፣ ከ10 ያነሰው አጭር ይባላል። ከዚህ በተጨማሪ አዘጋጆች አንዳንዱን ውድድር «ልምድ ይጠይቃል»፣ «አቅጣጫ የማግኘት ችሎታ ይጠይቃል» ወይም «አካባቢውን ማወቅ ይጠቅማል» በማለት ያስታውቃሉ። ሦስቱም ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ላይ የተጻፉበት ረጅም የ«ኤ» ውድድር በዚህ ጽሑፍ ከባድ የተባለው ዓይነት ነው።

ራስ ኧር ዊዝቫ

ከዌልስ ውድድሮች በስፋት የሚታወቀው በ1976 የተጀመረው ራስ ኧር ዊዝቫ ነው። በሐምሌ ወር ከላንበሪስ መንደር ተነስቶ፣ በ1896 ከተከፈተው የተራራ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን በሚሄደው መንገድ እስከ ጫፉ ወጥቶ በዚያው የሚመለስ የ16 ኪሎ ሜትር ያህል ሩጫ ነው። በ1985 ኬኒ ስቱዋርት የሮጠበት 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ በፌል ሩጫ ዓለም ዛሬም በአድናቆት የሚነሳ ሰዓት ነው። መንደሩ በሙሉ የሚወጣበት ታላቅ ቀን ቢሆንም፣ መንገዱ ግልጽና ሰው የሞላበት ስለሆነ አቅጣጫ ፍለጋ አይጠይቅም።

በ2015 በቤቱስ ኧ ኮይድ የተካሄደው የዓለም የተራራ ሩጫ ሻምፒዮናም እንዲሁ ምልክት በተደረገበት መንገድ የተሮጠ ነበር። በዚያ ውድድር ዩጋንዳውያኑ ፍሬድ ሙሶቦ በወንዶች፣ ስቴላ ቼሳንግ በሴቶች አሸንፈዋል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች በዌልስ ተራራ ላይ ያስመዘገቡት ይህ ድል በዚህ ዳሰሳ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

የአሥራ አራቱ ጫፎች ታሪክ

የዌልስ ተራራ ሩጫ መሠረት ግን ከውድድሮቹ ሁሉ የሚቀድም አንድ ፈተና ነው። በዌልስ ከ3000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር፣ በላይ የሆኑ 14 ጫፎች አሉ፤ ሁሉም በሦስት ተጎራባች የተራራ ሰንሰለቶች ላይ ስለሚገኙ ብርቱ ሰው በአንድ ቀን ሊያዳርሳቸው ይችላል። ቁጥሩ 14 ነው ወይስ 15 የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ ቀድሞ ጋርኔዝ ኢኻቭ ይባል የነበረውና በ2009 በዌልሷ ልዕልት በግዌንሊያን ስም የተሰየመው ጫፍ ራሱን የቻለ ተራራ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ይሁንና የክብረ ወሰን ታሪክ የተመዘገበው በ14 ስለሆነ በዚሁ መጽናት ይሻላል።

በልማድ ጉዞው የሚጀመረው ከኧር ዊዝቫ ጫፍ ሲሆን የሚያበቃው ቮይል ቭራስ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰዓቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይያዛል። ተጓዡ በመጀመሪያ በሁለቱም በኩል ገደል ባለበት በክሪብ ጎኽ ሸንተረር ላይ ያልፍና ወደ ናንት ፔሪስ ሸለቆ ወርዶ፣ የቀኑን እጅግ አድካሚ አቀበት ወደ ኤሊዲር ቫውር ይወጣል። ከዚያ ኧ ጋርን፣ ግሊደር ቫውርና ግሊደር ቫኽ፣ ቀጥሎ እጅና እግር የሚጠይቀው ትረቫን ይከተላሉ። ከትረቫን ወደ ኦግወን ሸለቆ ወርዶ ለሦስተኛ ጊዜ በመውጣት በካርኔዛይ ላይ የቀሩትን ስድስት ጫፎች ያዳርሳል።

በ1919 ዩስቲስ ቶማስ ጉዞውን በፍጥነት በመፈጸም ስሙ ከፈተናው ጋር ተያይዟል። በ1938 በአካባቢው በግ ያረባ የነበረው ቶማስ ፈርባንክ በ8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሲፈጽመው፣ ባለቤቱ ኤዝሜም በዚያው ዘመን ሴቶች ሊሞክሩት ይችላሉ ተብሎ ያልተገመተውን ይህንን ጉዞ ከአሥር ሰዓት ባነሰ ጊዜ አጠናቃለች። ኤዝሜ ከዓመታት በኋላ፣ በ1967፣ እነዚህን ተራሮች ከጥፋት ለመጠበቅ የሚሠራውን የስኖውዶንያ ማኅበር መሥርታለች፤ ተራራውን በእግር የሚያውቁት ሰዎች ተሟጋቹም ሆነው መገኘታቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዓቱ እየወረደ መጥቶ፣ በ1973 የሰሜን እንግሊዙ በግ አርቢ ጆስ ኔይለር 4 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ አደረሰው። በ1988 ኮሊን ዶነሊ ወደ 4 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሲያወርደው፣ ይህን የሚያሻሽል አይገኝም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ክብረ ወሰኑም 31 ዓመት ቆየ። በ2019 ስኮትላንዳዊው ፊንሌ ዋይልድ በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሰበረው። በሴቶች አንጄላ ካርሰን በ1989 ከአምስት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ፈጽማዋለች። እነዚህ ሰዓቶች ሁሉ የተገኙት በተደጋጋሚ ልምምድ፣ እያንዳንዱን ድንጋይና የበግ መንገድ በማጥናት ነው፤ ዶነሊም ሆነ ዋይልድ በዚያን ቀን ካርታ ለማየት የቆሙበት ጊዜ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ ካርታው አስቀድሞ በአእምሯቸው ውስጥ ተቀርጿልና።

የሺህ ሜትር ጫፎች ውድድርና ፔዶል ፔሪስ

በ1971 የተጀመረው የዌልስ የሺህ ሜትር ጫፎች ውድድር ከባሕር ዳር አቅራቢያ ካለው አበርግዊንግሬጊን መንደር ተነስቶ፣ ካርኔዛይን ተሻግሮ ወደ ኦግወን ወርዶ፣ ግሊደራይን አልፎ በፔን ኧ ፓስ በኩል ኧር ዊዝቫ ጫፍ ላይ የሚያበቃ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሩጫ ነው። ስሙ ብሪታንያ ከጫማ ወደ ሜትር በምትሸጋገርበት ዘመን የወጣለት ሲሆን፣ በጊዜው በካርታዎች ላይ ከ1000 ሜትር በላይ ተብለው የተመዘገቡት አራት ጫፎች ብቻ ነበሩ። ግሊደር ቫውር 999 ሜትር ተብሎ ለአንድ ሜትር ቀርቶበት ነበር። በ2010 በሳተላይት መሣሪያ እንደገና ሲለካ 1000.8 ሜትር ሆኖ በመገኘቱ አምስተኛው ሆኗል፤ ሯጮች ለአርባ ዓመት ያህል እንደ መሸጋገሪያ ሲረግጡት የኖሩት ተራራ ማዕረጉን ያገኘው እንዲህ ነው።

ፔዶል ፔሪስ፣ «የፔሪስ የፈረስ ኮቴ» ማለት ነው፣ በላንበሪስ ሸለቆ ዙሪያ ያሉትን ተራሮች በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የሚዞር ረጅም የ«ኤ» ውድድር ነው። ኤሊዲር ቫውር፣ ኧ ጋርን፣ ግሊደር ቫውር፣ ከዚያም ከፔን ኧ ፓስ ማዶ ሊወዝና ኧር ዊዝቫ ይወጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ሩጫ አይደለም፤ ነገር ግን በዌልስ ሯጮች ዘንድ ይህን ውድድር በጉም ቀን የጨረሰ ሰው የማንም ምስክር አያስፈልገውም። ከብላይናይ ፌስቲንዮግ የሚነሳው ራስ ኧ ሞይልዊን ደግሞ የተተዉ የጣሪያ ድንጋይ ካባዎችን አቋርጦ ወደ 770 ሜትሩ ሞይልዊን ማውር የሚወጣ ነው፤ የሠራተኞቹ ቤቶች ፍርስራሽና የድንጋይ ማውረጃው ተዳፋት በጉም ውስጥ እንደ ምልክት ያገለግላሉ።

በደቡብ ዌልስ፣ በባናይ ብረኻይንዮግ በኩል፣ 886 ሜትር ከፍታ ባለው ፔን ኧ ቫንና በስተምሥራቅ ባሉት ጥቁር ተራሮች ላይ የሚካሄዱ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ውድድሮች አሉ።

የበክሊ ዙርና የዘንዶው ጀርባ

በእንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ የቦብ ግርሃም፣ በስኮትላንድ የቻርሊ ራምሲ ዙር እንዳለ ሁሉ፣ ዌልስ የፓዲ በክሊ ዙር አላት። 47 ጫፎችን በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀትና ወደ 8700 ሜትር በሚጠጋ አቀበት የሚያዳርስ ሲሆን፣ ዓላማው በ24 ሰዓት ውስጥ መነሻው ላይ መመለስ ነው። ውድድር አይደለም፤ የተወሰነ መነሻም ሆነ ቀን የለውም፤ ማንም በፈለገው ቦታ ጀምሮ በፈለገው አቅጣጫ ሊዞረው ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1982 የፈጸመችው ዌንዲ ዶድስ ስትሆን፣ ከ24 ሰዓት ጥቂት አልፋ ነበር። በ2016 ጃስሚን ፓሪስ በ18 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ዞራዋለች፤ በዚያው ዓመት ሦስቱንም ዙሮች መፈጸሟ በተራራ ሩጫ ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ አሰጥቷታል። ከሦስቱ ዙሮች አስቸጋሪው የቱ ነው የሚለው ክርክር ማለቂያ ባይኖረውም፣ መሬቱ በጣም የተበጣጠሰው፣ የካባ ጉድጓድ፣ ረግረግና ጨለማ የሚፈራረቁበት የዌልሱ መሆኑን የሚክዱ ጥቂቶች ናቸው።

በ1992 የዌልስን ተራሮች ከሰሜን እስከ ደቡብ፣ በሰሜን ጠረፍ ከሚገኘው ከኮንዊ ቤተ መንግሥት እስከ ካሬግ ኬነን ግንብ፣ በአምስት ቀን የሚያቋርጥ «የዘንዶው ጀርባ» የተሰኘ ውድድር ተካሄደ፤ ቀዩ ዘንዶ የዌልስ ሰንደቅ ዓላማ ምልክት ነውና ተራሮቹ እንደ ጀርባ አጥንቱ ተቆጠሩ። ጥንድ ሆነው የሚሮጡበት ውድድር ሲሆን ያሸነፉት ሄለን ዲያማንቲዴስና ማርቲን ስቶን ነበሩ። ወንድና ሴት ሆነው ሌሎቹን ጥንዶች ሁሉ መቅደማቸው በጊዜው ብዙ ተወርቶለታል። ይሁን እንጂ ዝግጅቱ እጅግ ከባድ በመሆኑ ለሃያ ዓመት አልተደገመም፤ ውድድሩም ሰው ለሰው የሚያወራው ተረት መሰል ነገር ሆኖ ቆየ። በ2012 ሼን ኦሊ መልሶ ሲያዘጋጀው ሯጮቹ በግል ተወዳደሩ፤ ስቲቭ በርኪንሻውም አሸነፈ። በ1992 ያሸነፈችው ሄለን በዚህም ተሰልፋ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከኮንዊ ግንብ ላይ በወንዶች መዘምራን ዝማሬ ተጀምሮ፣ ካርኔዛይን፣ ትረቫንን፣ ግሊደራይንና ክሪብ ጎኽን አልፎ ወደ ናንት ግዊናንት የሚወርድ ነው። ሁለተኛው ቀን ሞይልዊንንና ሪኖጊዝን ያዳርሳል፤ ብዙ ሯጮች ከውድድሩ የሚወጡት በእነዚህ በሁለቱ ቀናት ነው። ከ2021 ወዲህ ውድድሩ ወደ ስድስት ቀን አድጎ በዋና ከተማዋ በካርዲፍ ቤተ መንግሥት የሚያበቃ ሲሆን፣ ርዝመቱ 380 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አቀበቱም ከ17000 ሜትር በላይ ነው።

መንገድ የማግኘት ጥበብ

የሯጭ የካርታ አጠቃቀም ከእግረኛ ተጓዥ ይለያል። ተጓዡ ቆሞ ካርታ ይዘረጋል፤ ሯጩ ግን አጥፎ በአንድ እጁ ይይዝና ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቱ እየተከተለ እየሮጠ ያነባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት በአንድ ለ25000 መጠን የተሠራውን ሲሆን፣ እዚያ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ረጅም ርቀት ለሚሮጡት የተዘጋጀው አንድ ለ40000 ካርታ ደግሞ ድንጋያማውን መሬት በግራጫ የከፍታ መስመር ስለሚለይ ከሩቅ ለማቀድ ይመቻል። ካርታው ሁልጊዜ ከመሬቱ ጋር እንዲገጥም ይዞራል፤ ሰሜኑ ወደ ሰሜን ካልዞረ በድካም ላይ ያለ አእምሮ ግራና ቀኝ ያምታታል።

ከሁሉም በላይ የሚነበቡት የከፍታ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደላማ፣ ሲራራቁ ሜዳማ ነው፤ ከዚህም አልፎ ልምድ ያለው ሯጭ ከጥቂት መስመሮች መታጠፍ ብቻ ሸንተረሩንና ጅረቱን ይለያል። በሁለት ጫፎች መካከል ወርዶ መውጣት ወይም ተራራውን በጎኑ መዞር ይሻላል ወይ የሚለውን ለመወሰን፣ በ1892 ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ ለእግረኞች ያወጣው ስሌት ለሯጮችም ይረዳል፤ በዚያ ስሌት 100 ሜትር መውጣት 800 ሜትር ያህል ሜዳ ላይ ከመሄድ ጋር ይተካከላል። ነገር ግን ስሌቱ ስለ ቁጥቋጦና ስለ ቋጥኝ የሚያውቀው ነገር የለም። በሪኖጊዝ ላይ ጎን ለጎን መዞር በካርታ አጭር መስሎ በእግር እጥፍ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ነባሮቹ ሯጮች ጥርጥር ሲገባቸው ሸንተረሩን ይመርጣሉ።

ጉም ሲወርድ ኮምፓስ ይወጣል። ከካርታው የሚወሰደው አቅጣጫ በዲግሪ ይለካና መርፌው በሚያሳየው ይሮጣል፤ በአሁኑ ጊዜ በዌልስ በመርፌው ሰሜንና በካርታው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ በመሆኑ ለሯጭ ብዙ ማስተካከያ አይጠይቅም። የአምስት ዲግሪ ስህተት በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 87 ሜትር መሳትን ስለሚያስከትል፣ ርቀቱን በአጫጭሩ መቁረጥ ተመራጭ ነው። የተለመደው ዘዴ መጀመሪያ በማያሳስት ምልክት፣ ለምሳሌ በግንብ አጥር፣ በጅረት ወይም በሐይቅ ዳር፣ መሄድና ጣቢያው አቅራቢያ ሲደርሱ ብቻ በኮምፓስ መግባት ነው። ሌላው ዘዴ ሆን ብሎ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መሮጥ ነው፤ ጣቢያው አንድ ጅረት ላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ እሱ ያነጣጠረ ሯጭ ጅረቱ ጋ ደርሶ ጣቢያውን ባያየው ወደ ግራ ይሂድ ወደ ቀኝ አያውቅም፣ ወደ ግራ ያዘነበለው ግን ወደ ቀኝ መታጠፍ እንዳለበት ያውቃል። ርቀትን በእርምጃ መቁጠርና በእጅ ሰዓት የከፍታ መለኪያ ማረጋገጥም ይረዳሉ፤ መለኪያው በአየር ግፊት የሚሠራ ከሆነ የአየሩ ጠባይ ሲለዋወጥ ስለሚሳሳት፣ ከፍታው የታወቀ ጫፍ ላይ ሲደረስ ሁሉ ይስተካከላል።

ሯጮች ደጋግመው የሚስቱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከካርኔዝ ሌዌሊን ጫፍ አራት ሸንተረሮች በአራት አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ ጫፉ ሰፊና ድንጋያማ በመሆኑ በጉም ውስጥ የድንጋዩን ክምር ዞሮ የወጣ ሯጭ በሌላው ሸንተረር እየወረደ መሆኑን የሚያውቀው ብዙ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ጫፉን ከመልቀቁ በፊት ኮምፓሱን ማየት፣ ቀድሞት የሄደ ሰው ቢያይም እንኳ፣ ግዴታ ነው ይባላል። ከዚያ ወደ ካርኔዝ ዳቪዝ በሚሄደው ሸንተረር ላይ የኢስጎልዮን ዲኦን ጥቁር ገደል በሰሜን በኩል ይከተላል፤ በጉም ጊዜ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ከገደሉ ለመራቅ ይጠቅማል። ከግሊደር ቫውር ወደ ፔን ኧ ፓስ የሚወርደው ተዳፋት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ዱካው ድንጋይ ላይ ይጠፋል፣ ወደ ቀኝ ያበዛ ሯጭ ከላንበሪስ በር በላይ ባሉት ገደሎች አናት ላይ ራሱን ያገኛል፣ ወደ ግራ ያበዛ ደግሞ ረግረግ ውስጥ ይሰምጣል። መሃሉን የያዘው ግን ከበሩ በላይ ያለውን ትንሽ ሐይቅ ሲያይ በትክክል መምጣቱን ያረጋግጣል።

ትልቁ ስህተት ግን ከካርታ አይመጣም፤ ሌላውን ሯጭ ተከትሎ መሄድ ነው። ፊት ያለው ሰው አካባቢውን የሚያውቅ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ከኋላው ሰው ስለተከተለው ልክ መሆኑን ያምናል፤ በዚህ ዓይነት አንድ ሙሉ ቡድን ወደማይፈልገው ሸለቆ ሲወርድ ይታያል። ስህተቱን ያወቀ ሯጭ የሚመከረው ወዲያው መቆም፣ በእርግጠኝነት ያውቀው ወደነበረው የመጨረሻ ቦታ መመለስና ከዚያ እንደገና መነሳት ነው። አቀበቱን መልሶ መውጣት ለደከመ እግር መራራ ቢሆንም፣ በግምት ወደ ፊት መቀጠል ግን ብዙ ጊዜ ገደል አናት ላይ ያደርሳል።

በሳተላይት መሣሪያ መጠቀም ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ጥያቄ ዛሬም መግባባት የለውም። ብዙ ባህላዊ ውድድሮች ሯጩ መንገዱን በመሣሪያ እንዳይመራ ይከለክላሉ፤ የረጅም ቀናት ውድድሮች ግን ደኅንነትን በማስቀደም የተቀዳ መስመር መከተልን እየፈቀዱ መጥተዋል። ለሁለቱም ወገን ምክንያት አለ፤ ይሁንና አቅጣጫ ማግኘት የውድድሩ አካል ሆኖ ሳለ ያንን ለማሽን መስጠት ውድድሩን ሌላ ነገር ያደርገዋል የሚለው አስተያየት ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ባትሪ በብርድ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የመንኪያ መስታወት በእርጥብ ጣት እንደማይታዘዝም ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ።

ትጥቅና ደኅንነት

በከባድ ውድድሮች ላይ ሯጩ ኮፍያ ያለውና ስፌቱ ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ ጃኬት፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ የራስ ቆብ፣ ጓንት፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካና ለክፉ ጊዜ የሚቀመጥ ምግብ መያዝ ግዴታው ነው፤ አዘጋጆችም ከመነሳት በፊት ወይም በመድረሻው ላይ ቦርሳውን ይፈትሻሉ። ጫማው ቀላል ሆኖ በእርጥብ ሣርና በጭቃ ላይ እንዳይንሸራተት ሶሉ ጥልቅ የጎማ ጥርስ አለው።

ዋናው አደጋ መውደቅ ሳይሆን ብርድ ነው። የሚሮጥ ሰው እስከሮጠ ድረስ ይሞቃል፤ እግሩ ተጠምዝዞ ወይም መንገድ ጠፍቶት የቆመ ጊዜ ግን፣ ላቡና ዝናቡ ያረጠበው ልብስ ሙቀቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይወስድበታል። የመጀመሪያው ምልክት መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው የሐሳብ መደናገር ነው፤ የተደናገረ ሰው ካርታ ማንበብ ስለማይችል ብርድና መጥፋት አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያመጣል። በ2012 በእንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ አንድ ሯጭ በውድድር ላይ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ የፌል ሯጮች ማኅበር የደኅንነት ደንቡን አጠናክሯል፤ በተለይ በእያንዳንዱ ጣቢያ ያለፈውን መቁጠርና መመዝገብ ጥብቅ ሆኗል። እርዳታ የሚሻ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይደግማል። የሚመጡለት የኦግወን ሸለቆ ወይም የላንበሪስ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን አባላት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ሯጮችና ተራራ ወጪዎች ናቸው።

ውድድሮቹን የሚያዘጋጁትም የአካባቢው ክለቦች ናቸው። በጣቢያዎች ላይ ያሉት ሰዎች ሯጮቹ ከመነሳታቸው ሰዓታት ቀድመው ድንኳንና ሬዲዮ ተሸክመው ጫፉ ላይ ይወጣሉ፤ በነፋስና በዝናብ ውስጥ የመጨረሻው ሯጭ እስኪያልፍ ይቀመጣሉ። ከየጣቢያው የተላኩት ቁጥሮች በመድረሻው አዳራሽ ውስጥ፣ ሻይና በደረቅ ፍራፍሬ የተሠራው የዌልስ ዳቦ በሚቀርብበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ በአንድ ይነጻጸራሉ። ያቋረጠ ሯጭ በመኪና ተጭኖ በቀጥታ ወደ ቤቱ ቢሄድ በተራራው ላይ እንደጠፋ ተቆጥሮ ፍለጋ ይጀመራል፤ ስለዚህ ባያጠናቅቅም መድረሻው ላይ መጥቶ ስሙን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። የተነሱት ሰዎች ቁጥር ከገቡትና ካቋረጡት ድምር ጋር እስኪታረቅ ድረስ፣ ሽልማቱ ተሰጥቶ አዳራሹ ቢበተንም፣ አዘጋጁ መዝገቡን አይዘጋም።